የወታደሩ ማይልና የታክስ ቅናሽ፦ ተረትና እውነታ

በደርግ ዘመን ድንበር አቋርጠው በገዳሪፍና በኸሽም ኤል ቂርባ በኩል ያለፉ ብዙ ወገኖቻችን፣ እ.ኤ.አ. የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ አሜሪካ ገብተዋል። ከልጆቻቸው መካከል ዛሬ የአሜሪካን ጦር ዩኒፎርም የለበሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተፈቀደው ማቭኒ የተባለው የምልመላ መርሐ ግብርም አማርኛ ተናጋሪ ስደተኞችን ይቀበል ነበር።

ወላጆች በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ወይም በአዲስ ሐልፋ የጥጥ እርሻ ሲሠሩ የቀን ሒሳባቸውን በእጃቸው ይቀበሉ ነበር። አገር ቤት ተቀጥሮ የሠራም ቢሆን ግብሩን የሚቆርጥለት አሠሪው ነው። ስለዚህ ልጁ ታክስ ሲያሠራ ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም፤ ጆሮው የሚደርሰው ወሬ ነው። ወሬውን ከሕጉ እንለየው።

ተረት 1፦ ወደ ሥራ የነዳሁት ማይል ሁሉ ከታክስ ይቀነሳል።
እውነታ፦ ከቤት ወደ መደበኛ የሥራ ቦታ የሚደረግ የየዕለት ምልልስ የግል ወጪ ነው። ወደ ጦር ሰፈር መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ተረት 2፦ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሠራተኛ የጉዞ ቅናሽ ስለቀረ ለወታደርም የለም።
እውነታ፦ ለአብዛኛው ተቀጣሪ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግም ይህንኑ ቋሚ አድርጎታል። የትርፍ ጊዜ ወታደሮች የሆኑት የናሽናል ጋርድና የሪዘርቭ አባላት ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው። ለአገልግሎት ሲጠሩ ከቤታቸው ከ100 ማይል በላይ (160 ኪሎ ሜትር ገደማ) ርቀው ከሄዱ፣ ያልተመለሰላቸውን የጉዞ ወጪ ከገቢያቸው መቀነስ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሒሳቡ በማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ የመኪና ማቆሚያና የመንገድ ክፍያ ይጨመርበታል። መኝታና ምግብም የፌዴራሉን የቀን አበል ጣሪያ ሳያልፍ ይታሰባል፤ ከምግቡ የሚቀነሰው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ወጪው በቅጽ 2106 ይሞላና ድምሩ ወደ ስኬጁል 1 ይዛወራል። ወጪን ዘርዝሮ ማስቀነስ ግዴታ ስላልሆነ፣ መደበኛውን ቅናሽ የሚወስድም ሰው ይጠቀማል።

ተረት 3፦ ያወጣሁት ገንዘብ በሙሉ ይመለስልኛል።
እውነታ፦ የሚቀነሰው ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለወታደራዊ ልምምድ (ድሪል) 150 ማይል ሄዶ የሚመለስ አባል በዓመት 3,600 ማይል ይነዳል። በ2025ቱ 70 ሳንቲም ሲባዛ 2,520 ዶላር ይሆናል። ይህ ሰው በ12 በመቶ እርከን ላይ ካለ የሚተርፈው 302 ዶላር ገደማ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ 2,520 ዶላር ግን አይደለም።

ተረት 4፦ ጦሩ የከፈለኝንም ማስቀነስ እችላለሁ።
እውነታ፦ የተመለሰልዎት ወጪ አይቀነስም። የሚቀነሰው ከኪስዎ የቀረው ብቻ ነው።

ተረት 5፦ ቋሚ ወታደር ምንም አያገኝም።
እውነታ፦ የ100 ማይሉ ድንጋጌ ለእርሱ አይሠራም። ሆኖም በትእዛዝ ቋሚ ምድቡ ተቀይሮ ቤት ሲያዛውር፣ ጦሩ ያልሸፈነለትን ወጪ በቅጽ 3903 ማስቀነስ ይችላል። ለዚህ የ2025 ሒሳብ በማይል 21 ሳንቲም ነበር። የዕቃ ማጓጓዣና በመንገድ ላይ ያረፉበት መኝታ ይካተታሉ፤ ምግብ አይካተትም። ከጥቂት በስተቀር ሲቪል ሠራተኞች ይህን ዕድል አያገኙም።

ተረት 6፦ ባለፉት ዓመታት ሳላስቀንስ የቀረሁት አልፏል።
እውነታ፦ በጥቅሉ የታክስ ሪፖርቱ ከገባ በ3 ዓመት ውስጥ በቅጽ 1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በማስረጃ ላይ ነው። በተጓዙ ቁጥር ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ማይሉንና የተጠሩበትን ምክንያት በዕለቱ ይመዝግቡ፤ የጥሪ ትእዛዙንና ደረሰኞቹን ያስቀምጡ። ማስረጃ የሌለው ቅናሽ በምርመራ ጊዜ ተሰርዞ ታክሱ ከነወለዱ ይጠየቃል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል።

ታክስ ሠሪ ዘንድ ሲሄዱ የሪዘርቭ ወይም የጋርድ አባል መሆንዎን ቀድመው ይናገሩ፤ የ100 ማይሉን ድንጋጌም በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ሚሊተሪ ዋን ሶርስ በተባለው የጦሩ የድጋፍ መርሐ ግብር በኩል ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በነጻ የሚሰጠውን ሚል ታክስ የተባለ አገልግሎት ይሞክሩ። ሕጉ የፈቀደልዎትን ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ያልፈቀደውን ደግሞ ማንም ቢመክርዎት አያስሞሉ።