ሐያሲ ያጣጣለው “ዘ ክራውን” በገበያ ሚዛን ሲታይ

በጥር 1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኙትን የእንግሊዟን ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘመነ መንግሥት የሚተርከው “ዘ ክራውን” የተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በስድስተኛው ምዕራፍ ተጠናቋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ከሐያሲያን ብርቱ ወቀሳ ገጥሟቸዋል። ተመልካቹስ ሸሽቶ ይሆን? ድራማውን ያሠራው ኔትፍሊክስ አክሲዮኑ በአሜሪካ የናስዳክ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ በመሆኑ ጥያቄው ባለገንዘቡንም ይመለከታል።

አራተኛው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2021 በኤሚ ሽልማት ሰባቱንም ዋና ዋና የድራማ ዘርፎች ጠራርጎ ወስዶ ነበር። አምስተኛው ግን የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። ኩባንያው በ2022 የመጀመሪያ ሦስት ወራት 200 ሺህ፣ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞች አጥቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር መጀመሪያ ማስታወቂያ ያለበትን ርካሽ አገልግሎት ጀመረ፤ ምዕራፉ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ ኖቬምበር 9 ቀን ነው። ማስታወቂያ የሚገዛ ነጋዴ ደግሞ የሚከፍለው ለዓይን ቁጥር እንጂ ለሐያሲ ምስጋና አይደለም።

ወቀሳው የጀመረው ድራማው ሳይታይ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ስለ እርሳቸው የተጻፈውን ትዕይንት ከንቱ ፈጠራ ነው ሲሉ አስተባበሉ። ተዋናይቷ ጁዲ ዴንች በ“ዘ ታይምስ” ጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ ድራማው ልብ ወለድ መሆኑ በየክፍሉ መግቢያ እንዲገለጽ ጠየቁ። በስድስተኛው ምዕራፍ ልዕልት ዳያና ከሞቱ በኋላ ተመልሰው ሲነጋገሩ መታየታቸው ብሶ፣ “ዘ ጋርዲያን” ከአምስት ኮከብ አንዱን ብቻ ሰጠው። በእርግጥ የቀድሞዎቹ ምዕራፎች ሕዝብ ያላየውን የጓዳ ታሪክ ሲገልጡ፣ የኋለኞቹ ሁሉም በዜና የተከታተለውን መድገማቸው ጎድቷቸዋል።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ አምስተኛው ምዕራፍ በወጣበት ሳምንት 107 ሚሊዮን ሰዓት ያህል ታይቷል፤ የስድስተኛው የመጀመሪያ ክፍል ግን 37 ሚሊዮን ገደማ ብቻ። ይህን ያየ፣ ገበያው በሁለት ሦስተኛ ወደቀ ይላል። ነገር ግን አምስተኛው በአንድ ጊዜ አሥር ክፍል ሲቀርብ፣ ስድስተኛው በመጀመሪያ የቀረበው አራት ክፍል ብቻ ነው። በኩንታል የተጫነን ቡና በፈረሱላ ከተጫነ ጋር ማወዳደር ማለት ይኸው ነው። ኩባንያው ከሰኔ 2023 ወዲህ የታየውን ሰዓት ለድራማው ርዝመት እያካፈለ “ዕይታ” በሚል መለኪያ ያወጣል። በዚህ መለኪያ ስድስተኛው በአራት ቀን 11.1 ሚሊዮን፣ አምስተኛው በአምስት ቀን ወደ 12 ሚሊዮን ግድም ይሆናል። ስለዚህ ተመልካቹ በገፍ ሸሸ ማለት አይቻልም። ይህም መለኪያ ቢሆን ስንቱ ሰው እስከ መጨረሻው እንዳየ አይናገርም፤ አንዱን ክፍል አይቶ የተወውም በድምሩ ውስጥ አለ።

ሌላም ሒሳብ አለ። ንግሥቲቱ በመስከረም 2022 ሲያርፉ፣ ከዓመታት በፊት የተሠሩት ክፍሎች ያለ አዲስ ወጪ እንደገና ብዙ ከታዩት ዝርዝር ገብተዋል። መጋዘን ውስጥ የማይበላሽ ዕቃ ይሉታል ነጋዴዎች። በ2022 መጨረሻ ሩብ ዓመት የተመዘገበው 7.7 ሚሊዮን አዲስ ደንበኛ ግን “ዌንስዴይ”ን የመሳሰሉ ድራማዎችም በዚያው ወቅት ስለወጡ ለአንድ ሥራ የሚሰጥ አይደለም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው የደንበኞቹን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ማውጣት አቁሟል፤ አክሲዮን ገዢው የሚመለከተው ገቢውንና ትርፉን ሆኗል።

ዳያናን ሆና የተጫወተችው ኤልሳቤጥ ዴቢኪ በተወቀሰው ምዕራፍ በመስከረም 2024 የኤሚ ሽልማት አግኝታለች። የድራማው አልባሳትና ዕቃም በየካቲት 2024 በለንደን ቦንሃምስ በጨረታ ሲሸጥ፣ ለቀረጻ የተሠራው የወርቃማው ሠረገላ አምሳያ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቷል።