ለሽርሽር ስንወጣ ጭምብሉን የት እናድርግ?

የትምህርት ዘመኑ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ይዘው መውጣታቸው የተለመደ ነው። በምሥራቅ ወለጋ ከአኖ፣ ከስሬ ወይም ከነቀምቴ የሚነሳ ተማሪ አዲስ አበባ ደርሶ አንድነት ፓርክን፣ ወዳጅነት አደባባይንና እንጦጦ ፓርክን ቢያይ፣ በልጆች መጫወቻዎች ቢሽከረከርና ቢንሸራተት ደስታው ወሰን የለውም። ሩቅ መሄድ ያልቻለውም ነቀምቴ ላይ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥትና የወለጋ ሙዚየምን መጎብኘት ይችላል።

ወላጅ ግን የጉዞውን ገንዘብ ከፍሎና ስንቁን ቋጥሮ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ጉንፋንና ሳል በበዛበት ሰሞን፣ ሰው በሚጋፋበት ቦታ፣ ልጄ የፊት ጭምብል (ማስክ) ያድርግ ወይስ ይቅር? ሲሮጥና ሲጮህ የሚውል ልጅስ ማስኩ ፊቱ ላይ ይቆይለታል? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጁ ይዞት የሚመለሰው ሕመም እሱን በሦስት ቀን ቢለቀው እንኳ ቤት ያሉትን አያት፣ አስም ያለባትን እናት ወይም የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ያለውን ሕፃን ሊጥል ይችላል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ በመዝናኛ ሥፍራ ቀኑን ሙሉ ማስክ አድርጎ መዋል አስቸጋሪ ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም አያስፈልግም። በእርግጥ የሚጠቅምባቸው ሰዓታት ግን አሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚገኙት ፓርኩ ውስጥ ሳይሆን ወደ ፓርኩ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ከኮሮና ዘመን የቀረልን ትምህርት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ደግሞ ከቤት ውጭ ማስክ ማድረግን ግዴታ ሲያደርግ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትንና የተረጋገጠ የመተንፈስ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ነፃ አድርጓል። የዚያ ዓመት የመስቀል ደመራና የኢሬቻ በዓላትም ከወትሮው እጅግ ባነሰ ሰው ተከብረዋል።

አፈጻጸሙ እንዴት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ማስኩ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ይደረጋል፤ ተቆጣጣሪው ሲያልፍ አገጭ ላይ ይወርዳል። ባንክ በር ላይ ከኪስ ይወጣል፤ ውስጥ ከተገባ በኋላ ስልክ ለማነጋገር ዝቅ ይላል። ብዙ ትንፋሽና ምራቅ የሚወጣው ግን በምንናገርበት ጊዜ ነው። ማስክ ለብዙ ሰው ከበሽታ መከላከያነቱ ይልቅ መግቢያ ቲኬት ሆኖ ነበር።

ከዚህ የምንማረው «ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ አድርጉ» የሚል ምክር ሰውን ቶሎ እንደሚያሰለች ነው። የት ቦታና ለምን እንደሆነ የተነገረው ሰው ግን ለዚያች ሰዓት ይታገሣል። ልጅም እንዲሁ ነው።

ትልልቆቹ ፓርኮች ምን አደረጉ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወራት ተዘግቶ ቆይቶ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲከፈት ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ጎብኚ ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አዘዘ። ጎብኚዎች ግን ብልሃት አላጡም፤ መጠጥ በእጃቸው ይዘው እየተጎነጩ መንሸራሸር ጀመሩ። ፓርኩም ማስክ የሚወልቀው በአንድ ቦታ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለሚበላና ለሚጠጣ ብቻ ነው አለ። በመጫወቻዎቹ ላይ ማስካቸውን ላወለቁ ሰዎችም በጨዋታው መሃል የሚነሳውን የመታሰቢያ ፎቶ ከለከለ።

በጃፓን ደግሞ የመዝናኛ ፓርክ ማኅበራት በ2012 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ፣ በፈጣን መጫወቻዎች ላይ የሚሳፈሩ ሰዎች ማስክ እንዲያደርጉና ከመጮህ እንዲቆጠቡ ጠየቁ። አንዱ ፓርክ ኃላፊዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ሲጋልቡ የሚያሳይ ፊልም ሠርቶ፣ ጩኸታችሁን በልባችሁ ያዙት የሚል መልእክት አስተላለፈ። ነገሩ ብዙ ቢያስቅም መነሻው እውነት ነበር፤ የሚጮህ ሰው ዝም ካለ ሰው እጅግ የበለጠ የትንፋሽ ጠብታ ያወጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የእነዚያ ግዴታዎች አነሳስ ነው። በዲዝኒ ወርልድ የማስክ ግዴታው በመጀመሪያ ከሜዳው፣ ቀጥሎ ከአዳራሾቹ ተነሳ። እስከ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የቆየው ጎብኚዎችን በሚያመላልሱት አውቶቡሶችና ባቡሮች ውስጥ ነበር፤ በዚያ አገር ለሕዝብ ማመላለሻ የወጣው ሕግ ሌላው ከተነሳ በኋላም ሥራ ላይ ስለነበር። በሽታው የሚተላለፍበትን መንገድ ላጤነ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው።

አውቶቡሱ ለምን ይብሳል?

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ኩፍኝና የሳምባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋሉ። ታማሚው ሲያስል፣ ሲናገርና ሲዘፍን የሚያወጣቸው ደቃቅ ጠብታዎች በአየር ላይ ይቆያሉ። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትናቸዋል። በተዘጋ ቦታ ግን እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይወስናሉ፤ ቦታው ምን ያህል ዝግ ነው፣ ምን ያህል ሰዓት አብረን እንቆያለን፣ ሰዎቹስ ዝም ብለዋል ወይስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል?

ከአኖ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄደው ተማሪ ሦስቱንም በአንድ ላይ ያገኛቸዋል። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በባኮ ቆላማ ሙቀት የተከፈተው መስኮት ጌዶ ላይ ብርዱ ሲመጣ ይዘጋል፤ አምቦና ሆለታ እስኪታለፉም ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ ይቀራል። ልጆቹ ደግሞ ለሽርሽር ወጥተዋልና እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ።

መዝፈን ምን ሊያደርስ እንደሚችል በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የደረሰ አንድ ጉዳይ ያሳያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በአዳራሽ ውስጥ ተለማመዱ። ከመካከላቸው የሕመም ምልክት የነበረው አንድ ሰው ነበር። በኋላ ሲጣራ 33 ሰዎች በምርመራ የተረጋገጠ፣ 20 ሰዎች ደግሞ ሳይሆን የማይቀር የኮቪድ ሕመም እንዳገኛቸው ታወቀ፤ ሁለቱ ሞተዋል። ሁሉም አውቶቡስ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። የተዘጋ ቦታ፣ ረጅም ሰዓትና ከፍ ያለ ድምፅ ሲገናኙ ግን አንድ በሽተኛ ለብዙዎች እንደሚበቃ ያስረዳል።

ስለዚህ ከማስኩም በፊት መስኮቱ ይከፈት። «ብርድ ይመታናል» የሚለው ፍራቻ በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚመጣው ከሰው እንጂ ከመስኮት አይደለም። ከፊትና ከኋላ ያሉ መስኮቶችን በጥቂት ጣት ስፋት መክፈት አየሩ እንዲዘዋወር ይረዳል። ልጁ ሹራብ ይልበስ ወይም ጋቢ ይደርብ። ዝናብ ሲጥልና መስኮት መዝጋት ግድ ሲሆን ደግሞ ማስክ የሚደረግበት ሰዓት ያ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። መኪና የሚያመው ልጅ ማቅለሽለሽ ሲጀምረው ማስኩ ወዲያው ይውለቅ፤ አፉ ተሸፍኖ ካስታወከ ሊታፈን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ከፊት፣ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ፌስታልም ከእጁ አይራቅ።

ግቢው ውስጥ ሲደርሱ

ሰፊ ሜዳ፣ የዛፍ ጥላ፣ የእግረኛ መንገድ፦ ማስኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። በእንጦጦ ጫካ ወይም በኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ግቢ ተራርቀው የሚንሸራሸሩ ልጆች ንጹሕ አየር ይተንፍሱ።

የቲኬትና የመጫወቻ ሰልፍ፦ ሰው ተጠጋግቶ ለረጅም ጊዜ ከቆመ፣ በተለይም ከጣሪያ በታች ከሆነ፣ ማስክ ይጠቅማል። ሰልፍ ላይ ማንም ስለማይሮጥ ለማድረግም አይከብድም።

ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ መዝለያና ፈጣን መሽከርከሪያ፦ ይውለቅ። በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ ማስክ በላብ ይርሳል፤ መተንፈስንም ያከብዳል። የዓለም የጤና ድርጅትም ጠንካራ የአካል እንቅስቃሴ ሲደረግ ማስክ እንዳይደረግ ይመክራል። በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ያለው ማስክ ደግሞ በመጫወቻው ብረት ተይዞ ልጁን ሊያንቀው ስለሚችል ከጨዋታው በፊት ፈጽሞ ከአንገት ይውጣ።

የውኃ መጫወቻና መዋኛ፦ በፍጹም አይደረግ። የራሰ ማስክ አየር አያሳልፍም፤ በሽታም አይከላከልም።

ሙዚየም፣ አዳራሽና ቤት ውስጥ ያለ መጫወቻ፦ ሰው ከበዛ ይደረግ። የአንድነት ፓርክን አዳራሾችም ሆነ የወለጋ ሙዚየምን ክፍሎች በትልቅ ቡድን ተጨናንቆ ከመግባት በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ መግባት ይሻላል። ልጆቹም የአስጎብኚውን ቃል የበለጠ ይሰማሉ።

ምሳ፦ ማስክ ተደርጎ መብላት አይቻልምና የሚመረጠው ቦታ ነው። ከታፈነ ምግብ ቤት ይልቅ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ይበላ። እጅ በሳሙና ሳይታጠቡ ስንቅ አይፈታ።

ለማን፣ ምን ዓይነት?

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማስክ ማድረግ አደገኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጡት ምክር፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ የለባቸውም። ከስድስት እስከ 11 ዓመት ያሉት እንደ ሁኔታው፣ በአዋቂ ክትትል፤ 12 ዓመት የሞላቸው እንደ አዋቂ ያደርጋሉ። ራሱ አውልቆ መልሶ ማድረግ ለማይችል ልጅ ማስክ አይደረግለትም።

ለጤነኛ ተጓዥ ባለ ሦስት ድርብ የሕክምና ማስክ ወይም በሦስት ድርብ የተሰፋ የጨርቅ ማስክ ይበቃዋል። አፍንጫን፣ አፍንና አገጭን ሸፍኖ ጉንጭ ላይ መግጠም አለበት። አፍንጫን ያላካተተ ማስክ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በነጠላ ወይም በሻርፕ ጫፍ አፍን መሸፈን ለድንገት ሳል ከምንም ይሻላል፤ ሽመናው ስስ ስለሆነ ግን የማስክን ሥራ አይሠራም። ኤን-95 የተባለው ይበልጥ ያጣራል፤ ነገር ግን ለአዋቂ ፊት የተሠራ ስለሆነ ለልጅ አይገጥምም።

ለአንድ ልጅ ቢያንስ ሁለት ማስክ፣ ለመሄጃና ለመመለሻ፣ ይያዝለት። ሲወልቅ በጆሮ ማንጠልጠያው ተይዞ በንጹሕ ወረቀት ውስጥ ይቀመጥ። የሕክምናው ማስክ ከአንድ ቀን በኋላ ይጣላል፤ የጨርቁ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ጓደኛሞች ማስክ መለዋወጥ እንደሌለባቸው መምህራን ከመነሻው ይንገሯቸው።

ማስክ የማይተካው ነገር

ትኩሳትና ሳል ያለበት ልጅ ማስክ ተደርጎለት መሄድ የለበትም፤ መቅረት ነው ያለበት። ይህ ለወላጅ ይከብዳል። ልጁ ወራት የጠበቀው ጉዞ ነው፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ትምህርት ቤቶች የታመመ ተማሪ ገንዘቡ እንዲመለስለት ወይም በሌላ ዙር እንዲሄድ አስቀድመው ቢያስታውቁ ወላጆች ሕመም እንዳይደብቁ ይረዳል።

ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በተለይም የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ፣ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ምርመራውና ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን ጀምሮ እስከ መጨረሻው የወሰደ ታማሚም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እዚህ ላይ ማስክ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚያስለው ሰው ሲያደርገው ሌሎችን ይጠብቃል። ስለዚህ በአውቶቡስ ውስጥ ማስክ ያደረገን ሰው በጥርጣሬ ዓይን አንየው፤ ለእኛ ተጠንቅቆልን ይሆናል።

ለጉዞ የሚዘጋጁ መምህራንና ወላጆች ከመነሻው ቀን በፊት ሦስት ነገር ይነጋገሩ፤ የታመመ ልጅ እንዲቀር፣ መስኮት እንዲከፈት፣ መስኮት ሲዘጋና አዳራሽ ሲገባ ማስክ እንዲደረግ። በቀረው ሰዓት ልጆቹ ፊታቸውን ገልጠው ይጫወቱ።