የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ባለቤቶች እነማን ናቸው?

በዛሬ ጊዜ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የማኅበረሰብ አገልግሎትንና የሥነ ምግባርን ጉዳይ የሚመለከት ክፍል ወይም ማእከል ማግኘት የተለመደ ሆኗል። የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ከማስተማርና ከምርምር ጋራ የማኅበረሰብ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ተግባር አድርጎታል። የማእከሉን ስም በበሩ ላይ ማንበብ ለማንም ቀላል ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑና ሥራቸው በምን እንደሚመዘን ግን ብዙ ጊዜ አይገለጽም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ምሳሌዎቻችንንም በተለይ ከወሎ እንወስዳለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲነት ከተሸጋገረ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተቋቋመ። በዚህም ደንብ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄደ ያገለግል ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት ለመምህርነት ነው። ግዴታ መሆኑን ያልወደዱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሆኖም መጽሐፍና ከተማ ብቻ ያውቅ የነበረው ወጣት የባላገሩን ኑሮ በዐይኑ ያየው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎቱ ባለቤቶች የመጀመሪያው የሚሄደው ተማሪ ነው።

ሁለተኛው አብሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። እነዚህም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይሰማሩ ነበር፤ አንዱ በሽተኛ ሲመረምር፣ ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። አገልግሎት የአንድ ሰው ቸርነት ሳይሆን የተደራጀ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው ያየውን የሚመሰክር ሰው ነው። በወሎ ላይ ረኀብ በጸናበት ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ሚያዝያ ገደማ፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹንም በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ረኀቡን ይሸሽግ ነበር፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልምም ለዓለም የታየው ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ኋላም የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገበሬ ለረኀብ ስለ መጋለጡ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። የመምህራኑ ሥራ የሥነ ምግባር ሥራ የሆነው መልካም ቃል ስለ ተናገሩ አይደለም፤ ያዩትን ይዘው ስለ ተመለሱና ስላልሸሸጉ ነው።

አራተኛው ባለቤት፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ተቀባዩ ሕዝብ ነው። የወሎ ሰው አገልግሎትን ከዩኒቨርሲቲ አልተማረም። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ቅሬ አለው። ደም የፈሰሰባቸውን ወገኖች የሚያስታርቁ አባጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉት፤ እስላምና ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ይሰማቸዋል። ማእከሉ በእነዚህ ላይ ይተከላል እንጂ በእነርሱ ፈንታ አይቆምም።

ይህንን ያስተማረን ሐራ ነው። ሐራ በሰሜን ወሎ ቆላማ ስፍራ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ እንዲደርስ በታቀደው የባቡር ሐዲድም ስሟ ይጠራል። ከእኛ ጥቂቶቻችን ለክፍል ጥናት መረጃ ልንሰበስብ ወደዚያ ሄደን ነበር። በአንድ የገበያ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ ቀርበን ወረቀታችንን ስናወጣ፣ በአክብሮት አስቀመጡንና ከእኛ በፊትም የመጡ ልጆች የበሬያቸውን ቁጥር፣ የመሬታቸውን ስፋት፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ ጠይቀው መሄዳቸውን ነገሩን። ቀጥለውም፣ «ልጆቼ፣ ያ የተጻፈው ነገር የት ደረሰ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ግን የጠየቅናቸውን ሁሉ ሳይሰስቱ መለሱልን። እኛም ወረቀታችንን ሞልተን ተመለስን፤ ጥናቱም ማርክ ተሰጥቶት መደርደሪያ ገባ። ወደ ሐራ የተመለሰ አንድ ገጽ እንኳ የለም። በዚህ የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አገልጋይ ማለት ከተጠራ በኋላ የሚነሣ ሳይሆን አስቀድሞ ማድጋው መጉደሉን የሚያይ ነው ይሉን ነበር። ይህንን ወደ ምርምር ስንመልሰው ሦስት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ የሚጠየቀው ሰው ስለ ምን እንደሚጠየቅ ተረድቶ በፈቃዱ ይመልስ፤ እምቢ ማለትም መብቱ ይሁን። ሁለተኛ፣ ጠያቂው ሊያደርገው የማይችለውን ተስፋ አይስጥ፤ እህል ወይም ውሃ ይመጣል ብሎ የተመለሰለት መልስ እውነትነቱ ያጠራጥራል። ሦስተኛ፣ የተገኘው ውጤት ለሰጪው ይመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በክፍል ውስጥ ይነገሩናል፤ ሦስተኛውን ግን የሚጠይቀን የለም። የሐራው ሽማግሌ የጠየቁን ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በገጠር የተደረገ ማናቸውም የተማሪ ጥናት ማርክ ከማግኘቱ በፊት፣ ውጤቱ በግልጽ አማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወደ ተጠናበት ቀበሌ ይላክ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በቅሬ ስብሰባ ይነበብላቸው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ ሕንፃም አያሻውም። እንዲህ ሲሆን የማእከሉ ባለቤቶች አራቱም፣ ሄያጁ፣ ባለሙያው፣ መስካሪውና ተቀባዩ፣ አንድ ላይ ይገናኛሉ። እኛም በበኩላችን የሐራውን ገጽ ጽፈን ጨርሰናል፤ በሚመጣው የገበያ ቀን እንወስደዋለን።