ሕመምን ያለ መድኃኒት ማስታገስ፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች ሥልጠና

ጨቅላ ሕፃን ሕመም አይሰማውም የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ በሕክምናው ዓለም ጸንቶ ቆይቷል፤ ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕፃናትም ነበሩ። አናንድና ሂኪ በ1987 ያሳተሙት ጽሑፍ እምነቱን አናጋው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ተረከዙ የሚወጋን ሕፃን እግር አጥብቆ መያዝን ተማርሁ፤ ማባበልን ያስተማረኝ አልነበረም።

ዛሬ ለነርሶች የማስተምረው ቅደም ተከተሉን ነው። መርፌው ሳይዘጋጅ እናት ትጠራ። ሕፃኑ ዳይፐር ብቻ ታስሮለት በባዶ ደረቷ ላይ ይተኛ፤ ወይም አስቀድሞ ጡት ይያዝ፣ ሲወጋም አይነጠቅ። መጥባት የማይችለው ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እጅና እግሩ ወደ ሆዱ ተሰብስቦ በሁለት መዳፍ ይደገፍ።

ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃል። ልማዱ ግን ‹እናት ካየች ታለቅሳለች፣ ሥራችንንም ታጓትታለች› ብሎ እናቲቱን ማስወጣት ነው። ስለዚህ በልምምዱ ሰዓት መጀመሪያ የምመለከተው፣ ነርሷ ለእናቲቱ ወንበር ማቅረቧን ነው።