የናቁት ሜዳ

የአውራጃው ዋንጫ ዕጣ በወጣ ቀን ካፒቴናችን በዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ የጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ቀላል ነው»። እኔ በረኛ ነኝ፤ 43 ዓመቴ ነው። ይህን ቃል ስሰማ ገና ሜዳ ሳልገባ ወገቤን ያመኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምኖረው ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ነው፤ ከራይን ወንዝ በስተቀኝ፣ የወዲያ ማዶ ሰዎች «ሼል ዚክ» እያሉ በሚያሾፉበት ወገን። ካቴድራሉ የእነሱ ነው፣ የካቴድራሉ ፎቶ የሚያምረው ግን ከእኛ በኩል ሲነሳ ነው እያልን እንጽናናለን። በሥራ ቀን አውቶቡስ እነዳለሁ። እሁድ እሁድ ለሰፈሩ ክለብ እጫወታለሁ። ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም መዋጮ የምንከፍለው እኛው ነን፤ ልምምድ ያረፈደም ለቡድኑ ካዝና ይቀጣል።

የጀርመን እግር ኳስ ረጅም መሰላል ነው። ጫፉ ላይ እነ ባየርንና ዶርትሙንድ ያሉበት ቡንደስሊጋ አለ። ከሥሩ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ፣ ሦስተኛው ሊግ፣ ከዚያ የየአካባቢው ሊጎች እያለ ይወርዳል። የእኛ የአውራጃ ሊግ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው። ዕጣው ያገናኘን ቡድን ደግሞ ከእኛም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ አሥረኛው ላይ ይጫወታል።

ስምንተኛና አሥረኛ! ከቡንደስሊጋ ቁልቁል ለሚያየን ሰው ሁላችንም ያው ነን። እኛ ግን ልዩነቱን አሳምረን እናውቀዋለን። እኛ በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ እንሠራለን፤ እነሱ አንድ ቀን ሞልተው ከተገናኙ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ አሠልጣኝ ፈቃድ ያለው ነው፤ የእነሱ አሠልጣኝ ማልያም ያጥባል፣ ቋሊማም ይጠብሳል።

ሊግ እኩያን ከእኩያ ጋር ያጋጥማል። ዋንጫ እንዲህ ያለ ጨዋነት የለውም። በየአውራጃው ጥሎ ማለፍ ይደረጋል፤ እዚያ የበረቱት ወደ ክልሉ ፌዴሬሽን ዋንጫ ያልፋሉ። እንዲህ ዓይነት የክልል ፌዴሬሽን በአገሩ 21 አለ። የክልሉን ዋንጫ ያነሣ 64 ቡድን ወደሚሰለፍበት ወደ ትልቁ የጀርመን ዋንጫ ይገባል፤ የዚያ ፍጻሜ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በርሊን ኦሎምፒክ ስታዲየም ነው የሚደረገው። ስለዚህ ከሰፈራችን ሜዳ እስከ በርሊን መንገዱ ክፍት ነው። በወረቀት ላይ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምወደው አንድ ደንብ አለ። በትልቁ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙር አማተሩ ቡድን በሜዳው ይጫወታል፤ እንግዳው ታላቁ ነው። በአውራጃም እንዲሁ፣ ከላይ ያለው ታች ወዳለው ይሄዳል። ባየርን ሳይቀር በአውቶቡሱ ተጭኖ ወደ ትንሽ ከተማ መውረድ አለበት ማለት ነው። ደንቡን ያወጣውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ እል ነበር። የዚያን ረቡዕ ማታ ግን ረገምኩት።

ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ የጥቅምት ጨለማ ቀድሞ ወርዷል። ከ22 ተጫዋቾች የተገኘነው 11 ነን፤ ከአሠልጣኙ ጋር 12። አጥቂያችን ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ገብቷል። የመሐል ተከላካያችን ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። ሌላው ያለምንም ሐፍረት «ለእነሱ ብዬ አልመጣም» ብሎ ጽፏል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ብቻውን የተቀመጠው አሠልጣኙ ነው፤ 51 ዓመቱ ነው፣ ታኬታውን ግን አሥሮ ነበር።

ስለ ታች ምድብ ቡድን ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ይሄን ነው። አማተር ቡድን ጥንካሬው በወረቀት ላይ ያለው ደረጃ አይደለም፤ የዚያን ዕለት ማታ ከሥራ ማን ወጣ የሚለው ነው። እኛ በ12 ስንመጣ እነሱ 20 ሆነው ጠበቁን። አስተናባሪው፣ ቋሊማ ጠባሹ፣ የቀድሞ ተጫዋቹ፣ የሠፈሩ ሽማግሌ፣ ሁሉም አለ። ለእኛ ረቡዕ ነው፤ ለእነሱ የዓመቱ በዓል።

ሜዳቸው «አሼ» የሚሉት ዓይነት ነው። አሼ ሣር አይደለም፤ የተፈጨ ቀይ ጡብና የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ የተደለደለበት መሬት ነው። በራይንና በሩር አካባቢ ድሮ ሁሉም የሚጫወተው በዚህ ላይ ነበር፤ አሁን በሰው ሠራሽ ሣር እየተተካ ነው። የወደቀበት ሰው ጉልበቱ ላይ ቀይ ማኅተም ይዞ ይነሣል፤ ሻወር ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ጩኸት ከውጭ ይሰማል። እኔ የጃን ሜዳ አቧራ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ አሼ ሊያስፈራኝ አይገባም ነበር። ግን በ16 ዓመት መወርወርና በ43 መወርወር አንድ አይደለም።

ከሜዳው አራት የመብራት ምሰሶ አንዱ ጠፍቷል። ሁለተኛውን አጋማሽ በምጠብቀው በር በስተግራ ያለው ማዕዘን ድቅድቅ ነው። ካፒቴናችን «ሆን ብለው ነው» አለ። ዳኛው ብቻውን ነው፤ በእኛ ደረጃ መስመር ዳኛ የሚባል የለም፤ ኦፍሳይዱንም ጥፋቱንም በሁለት ዓይኑ ይዳኛል። ሽቅብ አየና «ኳሷ ትታያለች» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

በ12ኛው ደቂቃ ከቀኝ በተሻማ ኳስ በቴስታ አገባን። ካፒቴናችን ግሩፑ ላይ የጻፈውን እንደሚያስታውስ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አንግሉ መለሰብን። የቀረውን በረኛቸው መለሰው። ይህ ሰው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በር ሥር ቆሞ ሲያጨስ አይቼዋለሁ፤ ሲጋራውን በታኬታው ተረከዝ አጥፍቶ ነው ጓንት ያጠለቀው። ሆዱ ማልያውን ወጥሮታል። ኳስ ሲመጣ አይወድቅም፣ አይዘልም፤ በቅልጥሙ፣ በሆዱ፣ አንድ ጊዜም በጆሮው መለሰ። ልጆች በእያንዳንዱ ስሙን እየጠሩ ይጨፍሩ ነበር።

አንድ ለባዶ እየመሩ መቆየት በሽታ ነው። ማንም አይሮጥም፣ ማንም ግን ጨዋታው አለቀ ብሎ አያምንም። በ71ኛው ደቂቃ ከዚያ ከጨለማው ማዕዘን ኮርና መቱ። ከፊቴ የቆመው የግራ ተመላላሻችን፣ ከጎንደር የመጣው የ22 ዓመት ልጅ፣ በአማርኛ «ጋሼ፣ አትውጣ!» ብሎ ጮኸ። ወጣሁ። ኳሷን ያየኋት ከራሴ በላይ ስታልፍ ነው። ካፒቴናቸው በትከሻው ነካትና ገባች። 60 የማይሞላ ሰው፣ ሕፃናቱንና አንድ ውሻ ጨምሮ፣ እንደ ስታዲየም ጮኸ።

የናቁት ያስረግዛል ይላል የአገሬ ሰው። ጀርመኖች ጨዋ ሆነው «ዋንጫ የራሱ ሕግ አለው» ይላሉ። ሕጉ ግን ምሥጢር የለውም። በሊግ 30 ጨዋታ አለ፤ ዛሬ የተሳሳተ ሰው ለሳምንት ያርማል፤ በመጨረሻ ብልጫ ያለው ከላይ ይቀራል። ጥሎ ማለፍ አንድ ማታ ነው። በእግር ኳስ ደግሞ ግብ ውድ ነው፤ በአንድ ኮርና፣ በአንድ በረኛ ስህተት እኩል ይሆናል። ቅርጫት ኳስ ቢሆን ኖሮ 60 ነጥብ አግብተን እንሄድ ነበር።

የዚህ አገር ታሪክም በእንዲህ ዓይነት ማታ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤፒንገን የሚባል አማተር ክለብ ሐምቡርግን 2 ለ 1 ጥሎ የቡንደስሊጋ ቡድን ያሰናበተ የመጀመሪያው አማተር ሆነ። በ1994 የአንድ ትንሽ መንደር ቡድን፣ ፌስተንበርግስግሮይት፣ ትራፓቶኒ የሚያሠለጥነውን ባየርንን 1 ለ 0 አሸነፈ። ባየርን በ2023 ደግሞ በሦስተኛ ሊጉ ዛርብሩከን በ96ኛው ደቂቃ ግብ 2 ለ 1 ወጣ።

ግን ለእኛ ለሐበሾች ከሁሉም የሚቀርበው የቬርደር ብሬመን ጣጣ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው የቀድሞው የቼክ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ቴዎዶር ገብረሥላሴ ከ2012 እስከ 2021 የተጫወተው እዚያ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የብሬመን ደጋፊ ሆንን። ብሬመን ይህን ዋንጫ 6 ጊዜ ያነሣ፣ ከባየርን ቀጥሎ ያለ ክለብ ነው። ይኸው ክለብ በ2011 በሃይደንሃይም፣ በ2012 በሙንስተር፣ በ2013 በዛርብሩከን፣ በ2016 በሎተ ተሸነፈ፤ አራቱም የሦስተኛ ሊግ ቡድኖች፣ አራቱም በመጀመሪያ ዙር። በ2023 ደግሞ እዚሁ በእኛ በኩል፣ ቪክቶሪያ ኮሎኝ 3 ለ 2 ሸኘው። ሻወር ውስጥ ለዚያ ለጎንደሩ ልጅ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ አትጽናና» አለኝ።

በወሬዬ ቀድሜ ሻወር ገባሁ፤ ጨዋታው ገና አላለቀም። 90 ደቂቃው 1 ለ 1 አለቀ። በአውራጃችን ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ ቀጥታ ሪጎሬ። አሠልጣኛችን በ80ኛው ደቂቃ ገብቶ ስለነበር እሱም መታ፤ አገባም። 4 ለ 4 ላይ አምስተኛቸውን ሊመታ የመጣው ማን ነው? ያ ሲጋራ አጫሹ በረኛ። በጀርመንኛ «ይቅርታ» አለኝ፤ ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ወደ ቀኝ ልወረወር ወስኜ ነበር። ጉልበቴ ግን የራሱን ውሳኔ ወስኖ አልንቀሳቀስ አለ። መሐል ለመሐል መታው፣ ደረቴ ላይ ተላተመ፣ ወጣ። ከእኔ ቀጥሎ የጎንደሩ ልጅ አግብቶ 5 ለ 4 አለፍን።

ማንም አልጨፈረም። ትከሻ ለትከሻ ተነካካን፣ ውሃ ጠጣን። የጨፈሩት እነሱ ናቸው። ከክለብ ቤታቸው አንድ ሣጥን ቢራ አምጥተው መሐል ሜዳ አስቀመጡ፤ ለእኛም አከፋፈሉን፤ ስለዚያ ኮርና እርስ በርስ አሥር ጊዜ ተረኩ፤ በእያንዳንዱ ትረካ እኔ ይበልጥ ርቄ ወጣሁ። በልጅነቴ ጃን ሜዳ ላይ ትልልቆቹ ከእኛ ከትንንሾቹ ጋር አንጫወትም ሲሉ ንቀት ይመስለኝ ነበር። ንቀት አልነበረም። ቢያሸንፉን ምን ሊያወሩ ነው? ቢሸነፉስ ሰፈር እንዴት ሊገቡ?

ቤት ስገባ ባለቤቴ እንቅልፍ ይዟት ነበር።

«እህ፣ አለፋችሁ?»

«አለፍን። በሪጎሬ።»

«ከማን ጋር ነበር?»

«ሁለት ደረጃ ከሥራችን ካሉት።»

ዓይኗን ገለጠች። «ታዲያ በሪጎሬ?»

የሚቀጥለው ዙር ዕጣ አምስተኛው ደረጃ ላይ ካለ ቡድን ጋር አገናኘን። ለተጫዋቾቻቸው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ አንድ ዓይነት ቱታ ይለብሳሉ፤ ወጌሻ አላቸው። በደንቡ መሠረት የሚመጡት ወደ እኛ ነው። በዚያ ሳምንት ልምምድ ላይ 22ታችንም ተገኘን፤ ያ «አልመጣም» ያለው ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ነበር የደረሰው፤ አዲስ አባት የሆነው ተከላካያችንም ዓይኑ እንደ ቀላ መጣ።

ረቡዕ ማታ አውቶቡሳቸው ቆመ። በረኛቸው ለማሟሟቅ ቀድሞ ወረደ፤ 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ሰው ሠራሽ ሣራችን የተገጠበበትን ቦታ በታኬታው ጫፍ ጫረው። ከዚያ ቀና ብሎ በስተግራው ያለውን ጨለማ ማዕዘን አየና ወደ እኔ ዞረ።

«መብራቱ ሊሠራ ነው?»

«እስቲ እንጃ» አልኩት።

መብራቱ የጠፋው ሰኞ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ስልክ ቁጥር ክለብ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም አልደወለም።