የላሚቱ ወተት ስለ መኖዋ ምን ይነግረናል?



በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ለሚገኙ ችግረኛ ቤተ ሰቦች የወተት ላም መግዣ ካዋጣችሁ ወዲህ ከየማኅበረ ምእመናኑ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ላሚቱ በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም የፕሮጀክቱ ሠራተኞች በየቤቱ ስንዞር ለብዙ ጊዜ የምንመዘግበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ነገር ግን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የተቀበሏት ላም ከወለደች በኋላ ለሁለት ወር ከሌሎቹ ሁሉ አብልጣ ስትታለብ አይተን ደስ ብሎን ሳለ፣ በሦስተኛው ወር ወተቷ በድንገት ቀነሰ። ጎድኗም ተቈጠረ። ዓመት ቢሞላም ኮርማ ሳትፈልግ ቀረች። እናታችን የጐደለባቸው ትጋት አልነበረም። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ የታለበውን ስንቈጥር የተበላውን አልቈጠርንምና ነው።

መኖን መመዘን ለምን ያስቸግራል?

በረት ውስጥ ታስራ ለምትቀለብ ላም የሚሰጠውንና የሚተርፈውን መኖ መመዘን ይቻላል። የአገራችን ላም ግን ጠዋት ጥቂት የጤፍ ጭድ ትቀምሳለች፤ ቀን በወል ግጦሽ ወይም አዝመራው በተነሣበት ማሳ ላይ ትውላለች፤ ማታ አተላ ከተገኘ ትጠጣለች። በየስፍራው የጐረሰችውን ማን ይመዝናል? ስለዚህ ሊቃውንት ጉዳዩን ከሌላው ጫፍ ጀመሩት። የገባውን መመዘን ካልተቻለ፣ ከወጣው ተነሥቶ ወደ ገባው መቍጠር ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም ከምትበላው የመጀመሪያው ድርሻ ለራሷ ሕይወት ይውላል፤ ለመተንፈስ፣ ለመሞቅና ለመራመድ ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው ወተት ይሆናል። እንግዲህ የክብደቷን መጠን፣ የወተቷን ብዛትና በወተቱ ውስጥ ያለውን ቅባት ካወቅን፣ ስንት ኪሎ መኖ እንደሚያስፈልጋት በእርሳስና በወረቀት ልናሰላ እንችላለን።

ቅባቱ ለምን ይመረመራል?

ሊትር ሁሉ እኩል አይደለም። የፈረንጅ ላም ወተት ከመቶው 3.5 እስከ 4 እጅ ያህል ቅባት ሲኖረው፣ የአገራችን ላም ወተት ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ አለው። ቅባት የበዛበትን ወተት ለመሥራት ብዙ መኖ ይጠይቃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1923 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጌይንስና ዴቪድሰን የተባሉ ሰዎች ወተትን ሁሉ ወደ አንድ ልክ የሚያመጣ ስሌት አወጡ። ወተቱን በኪሎ መዝናችሁ በ0.4 አባዙ፤ በውስጡ ያለውን ቅባት በኪሎ አድርጋችሁ በ15 አባዙ፤ ሁለቱን ደምሩ። የምታገኙት ከመቶው 4 እጅ ቅባት ባለው ወተት የተተመነ ልክ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም የጥጃው ድርሻ ተጨምሮ በቀን 3 ኪሎ ወተት ትሰጣለች እንበል፤ ቅባቱም ከመቶው 5.5 ነው። በስሌቱ መሠረት ወተቷ 3.7 ኪሎ ያህል ሆኖ ይቈጠራል። የምግብ ኀይል የሚለካው ሜጋጁል በሚባል መለኪያ ነው። እያንዳንዱ ኪሎ የተስተካከለ ወተት 5 ሜጋጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ ለወተቷ 18 ያስፈልጋታል። ራሷን ለማኖርና ወደ ውሃና ወደ ግጦሽ ለመሄድ ደግሞ 34 ያህል። ድምሩ 52 ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ የጤፍ ጭድ 7.5 ያህል ስለሚሰጥ፣ ላሚቱ 7 ኪሎ ጭድ መብላት አለባት ማለት ነው።

ዋናው ችግር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጭድ በሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚብላላ፣ ጭድ ብቻ የምትበላ ላም በቀን ከክብደቷ ከመቶ ሁለት እጅ፣ ማለት 5 ኪሎ ያህል ብቻ ትችላለች። ከዚህም የምታገኘው 38 ሜጋጁል ነው። የቀረው 14 ከየት መጣ?

ወተቱ ከገዛ ሥጋዋ ሲመጣ

መልሱ ከጀርባዋ ነው። የወለደች ላም የጐደላትን ከራሷ ስብ ታወጣለች። አንድ ኪሎ ክብደት ስትቀንስ 28 ሜጋጁል ያህል ለወተቷ ይተርፋል። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለችው ላም በየቀኑ ግማሽ ኪሎ፣ በወር 15 ኪሎ ልትከሳ ነው። ማለቢያው ሙሉ ስለሆነ ግን ማንም አያውቅባትም። በእናታችን ቤት የደረሰው ይኸው ነበር።

የወተት ምርመራ ይህንንም ሊገልጥ ይችላል። በወተት ውስጥ ያለው ቅባት ሁለት ምንጭ አለው። በሆዷ ያሉ ረቂቅ ሕያዋን ጭዱንና ሣሩን ሲያብላሉ የኮምጣጤ አሲድ ይወጣል፤ ጡቷም ከዚህ አዲስ ቅባት ትሠራለች። ሁለተኛው ግን ከሰውነቷ ስብ ቀልጦ በደም የሚመጣው ነው። ሁለቱ በዓይነታቸው ስለሚለያዩ በቤተ ሙከራ ይታወቃሉ። ዩሪያ የተባለው ንጥረ ነገርም ይመረመራል፤ በወተቱ ውስጥ እጅግ ካነሰ መኖዋ ገንቢ ምግብ እንደ ጐደለው ያመለክታል።

ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ኢንፍራሬድ የሚባለውን ለዓይን የማይታይ ጨረር በወተት ናሙና ውስጥ በማሳለፍ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመረምራሉ። መኖአቸው ከተመዘነ ብዙ ላሞች የተሰበሰበው መዝገብ እየተነጻጸረም የእያንዳንዷ ላም አመጋገብ ይገመታል። ይሁን እንጂ በፈረንጅ ላሞች የሠለጠነ ስሌት የጎጃምን ላም አያውቃትም። በዚሁ በአገራችን ላሞች ካልተፈተነ በቀር እንደ እውነት ልንቀበለው አይገባም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ምን ያድርጉ?

1. ወተቱ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋትና ማታ ይመዘን። ጥጃው የሚጠባው ካልታሰበ ስሌቱ ከእውነቱ ያንሳል።

2. ለቅባት ምርመራ የሚወሰደው ናሙና ሁሉ ታልቦ ካበቃ በኋላ በደንብ ተማስሎ ይወሰድ። መጀመሪያ የሚታለበው ቀጭን ነው፤ ቅባቱ ያለው በመጨረሻው ነው። መመርመሪያ በሌለበት የተናጠውን ወተትና የወጣውን ቅቤ መመዘን ይቻላል። ቅቤው ውሃ ስላለበት፣ በአሬራውም ቅባት ስለሚቀር ትክክለኛ ልክ አይደለም፤ የአንዷን ላም ወር ከወር ለማነጻጸር ግን ይረዳል።

3. የደረቷ ዙሪያ በየወሩ በሜትር ይለካ። ወተቱ ሳይቀንስ ደረቷ ከቀነሰ ላሚቱ ራሷን እየበላች ነው።

4. የጐደለው ይሞላ። የኑግ ፋጉሎ በኪሎ 10 ሜጋጁል ያህል ይሰጣል፤ ከመቶው 30 እጅ ያህልም ገንቢ ምግብ አለው። በሆድ ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ሕያዋን ስለሚያበረታ ጭዱንም አብልጣ እንድትበላ ያደርጋታል። በምሳሌያችን ያለችው ላም አንድ ኪሎ ፋጉሎ አግኝታ ግማሽ ኪሎ ጭድ ብትጨምር 14ቱ ጕድለት ይሞላል። ፋጉሎ በማይገኝበት የጓያ፣ የሽምብራና የባቄላ ገለባ ሳይጣል ለምታለብ ላም ይቀመጥ፤ ከጤፍ ጭድ የበለጠ ገንቢ ምግብ አለውና።

ለማኅበረ ምእመናን

ወገኖቻችን ሆይ፣ ላም ብቻ ሰጥቶ መኖዋን መርሳት በድኻው ቤት ላይ አንድ ተጨማሪ አፍ ማስቀመጥ ነው። የተዳቀለች ላም ስትሆንማ ሰውነቷም ወተቷም ብዙ ስለሆነ ሸክሙ ይብሳል። ስለዚህ ከእንግዲህ ለአንዲት ላም ስታዋጡ የመጀመሪያውን የበጋ ወራት ፋጉሎ፣ አንድ የስፕሪንግ ሚዛንና የመለኪያ ሜትር አብራችሁ እንድታስቡ እንለምናችኋለን። ከላሚቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ጥቂት ነው።

በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 27 መጨረሻ ላይ ጠቢቡ አስቀድሞ የመንጋችንን ሁኔታ በትጋት እንድናውቅ ይመክራል፤ ቀጥሎ ስለ ሣሩ ይናገራል፤ የወተቱን ነገር የሚያነሣው ከሁሉ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከወተቱ ጀምረን ነበር። አሁን ከወተቱ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩም ወደ ላሚቱ መመለስን እየተማርን ነው። ያች እናትም ላማቸው ፋጉሎ ማግኘት ከጀመረች በኋላ ኮርማ ፈልጋ ተጠቅታለች። ጥጃዋ በደኅና ይወለድ ዘንድ ከእኛ ጋር ጸልዩ።

የእግዚአብሔር ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።