ስሙ አንድ፣ ቅምሩ ሌላ፦ ስለ ፀረ-ተባይ መድኃኒቶች አቀነባበር



ማላታይን የሚል ስም የተጻፈባቸው ሦስት ዕቃዎች አሉ እንበል። አንዱ በውኃ የሚበጠበጥ ፈሳሽ፣ ሁለተኛው በጎተራ ከእህል ጋር የሚደባለቅ ዱቄት፣ ሦስተኛው ያለ ውኃ የሚረጭ ዘይታማ ፈሳሽ ነው። ተባዩን የሚገድለው ንጥረ ነገር በሦስቱም አንድ ነው። የሚለያያቸው መጠኑና አብሮት የተቀመመው ማሟሚያ ወይም ተሸካሚ ዱቄት ነው፤ ቅምር የምንለውም ይህንኑ ነው። የአንዱን መጠን ለሌላው መጠቀም አይቻልም፤ ጎተራ የሚገባው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ መርዝ ሲኖረው፣ በውኃ የሚበጠበጠው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ 50 በመቶ ያህል ይይዛልና።

በመለያው ላይ «ኢ.ሲ.» የተባለው ፈሳሽ ውኃ ሲነካው እንደ ወተት ይነጣል። የእርሱ ማሟሚያ መርዙን በቅጠሉ ሰም በኩል ያሳልፋል፤ ያው ማሟሚያ በሰው ቆዳም በኩል ያሳልፈዋል። «ደብሊው.ፒ.» የተባለው ዱቄት ግን በውኃ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ይቆይና ይዘቅጣል። መርጫውን በጀርባው ያዘለ ገበሬ ደጋግሞ ካልነቀነቀው አንዱ መስመር ከመጠን በላይ፣ ሌላው ከመጠን በታች ይደርሰዋል። ሲበጠበጥም ብናኙ ወደ አፍንጫ ይገባል።

ታዲያ ዱቄቱ ለምን ይመረታል? መልሱ በጭቃ ግድግዳ ላይ ይገኛል። በአገራችን ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት በቤት ውስጥ ሲረጭ የኖረው ዲ.ዲ.ቲ. በውኃ የሚበጠበጥ ባለ 75 በመቶ ዱቄት ነበር። የጭቃ ግድግዳ ፈሳሽን ይመጣል፤ በማሟሚያ የሟሟ መርዝ ቢረጭበት አብዛኛው ወደ ውስጥ ሰርጎ ትንኟ ከማታርፍበት ይቀራል። የዱቄቱ ቅንጣት ግን ውኃው ሲመጠጥ ከላይ ይቀራል፣ በእግሯም ላይ ይጣበቃል። እኔ ለተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ለበረሃ አንበጣ የሚውለው «ዩ.ኤል.ቪ.» በሌላ ጫፍ ያለ ነው። ማላታይኑ 96 በመቶ ሲደርስ፣ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ በጣም ደቃቅ ነጠብጣብ በሚያወጣ ልዩ መርጫ፣ በነፋስ እየተሸከመ ይወርዳል። ከዘመቻ የተረፈውን ጀሪካን ወስዶ በውኃ በጥብጦ ሽንኩርት ላይ ለመርጨት ማሰብ ሁለት አደጋ አለው፦ ከውኃ ጋር እንዲዋሐድ አልተቀመመም፤ የሚቀዳው እጅ የሚነካውም ያልቀጠነውን መርዝ ነው።